ከተማ የጠጣቸው መንደሮች

የእንግሊዝ ገጠር ሲባል ለብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ከፊልም የተዋስነው ምስል ነው። አረንጓዴ ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ጭጋግ፤ ከዚያ ደግሞ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ገደል አፋፍ ላይ የቆመች ቆንጆ። በ2005 የወጣውን ‹‹ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ›› ያየ ሰው ኬይራ ናይትሊ ነፋስ እያወዛወዛት የቆመችበትን ገደል አይረሳውም። ገደሉ ስታኔጅ ኤጅ ይባላል። ሚስተር ዳርሲ የሚኖርበት ያ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ደግሞ ቻትስወርዝ ነው። ሁለቱም የሚገኙት በአንድ ሸለቆ አካባቢ ነው፤ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ደርቢሸር በሚባለው አውራጃ፣ የደርወንት ወንዝ በሚያልፍበት አገር።

እንዲህ ያለውን አገር በስክሪን ስናይ ‹‹እግዜር ሠርቶ እንዲሁ ያስቀመጠው›› ይመስለናል። መንደሮቹም ከኮረብታው ጋር አብረው የበቀሉ ይመስሉናል። ታሪኩን ስናገላብጠው ግን ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ መንደር የሚቆመው፣ የሚነሳው፣ የሚፈርሰውና የሚሰጥመው ብዙ ጊዜ መንደሩ ውስጥ የማይኖር ሰው ሲወስን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እንዳትደናገሩ።)

ወንዙ ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ብሊክሎው ከሚባል ከፍተኛ ረግረግ ይነሳና በደርቢ ከተማ አልፎ ትሬንት ወንዝ ውስጥ ይገባል። ስሙን የሰጡት እንግሊዞች ወደ ደሴቲቱ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ትርጉሙም ከባሉጥ ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ወንዙ በሚነሳበት ከፍታ ላይ ባሉጥ መፈለግ ድካም ነው። አገሩ ጥቁር ነው። ውኃ እንደ ስፖንጅ የሚይዝ ጥቁር ረግረጋማ አፈር፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ አጭር ቁጥቋጦ። (ቁጥቋጦው ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው የአስታ ዘመድ ነው።) ድንጋዩ ሻካራና ጠንካራ ስለሆነ ለዘመናት የወፍጮ ድንጋይ ይወጣበት ነበር። ተጠርበው ገዢ ያጡ ክብ ክብ የወፍጮ ድንጋዮች እስካሁን ስታኔጅ ገደል ሥር ወድቀው ይታያሉ። የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ምልክት ያደረገው ይህንኑ የወፍጮ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ወንዙን ከታች ወደ ላይ፣ ውኃውን እየተቃረንን እንውጣ።

ደርቢ ላይ በ1721 በውኃ ኃይል የሚሠራ የሐር ፋብሪካ ተተክሏል። ከዚያ ከፍ ብሎ ክሮምፎርድ በምትባል ትንሽ መንደር ሪቻርድ አርክራይት የተባለ ፀጉር አስተካካይና ዊግ ሠሪ የነበረ ሰው በ1771 በውኃ የሚዞር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ አቋቋመ። አርክራይት ክሮምፎርድን የመረጠው ለውበቷ አይደለም። እዚያ ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች ተጠልፎ የሚወጣ ውኃ ነበር፤ ይህ ውኃ ደግሞ ከምድር ሆድ ስለሚመጣ በክረምት አይቀዘቅዝም። ፋብሪካው ቀንም ሌሊትም በ12 ሰዓት ፈረቃ ይሠራ ጀመር። ሠራተኛ ከየት ይምጣ? አርክራይት ማስታወቂያ ሲያስነግር የሚፈልገው ልጅ የበዛለት ቤተሰብ ነበር። አባት ቤት ውስጥ ይሸምናል፣ ሴቶችና ልጆች ፋብሪካ ይገባሉ። ለነሱም በ1776 ኖርዝ ስትሪት ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች ተሠሩ። የላይኛው ፎቅ ብርሃን እንዲገባለት ሰፋፊ መስኮት ያለው የሸማኔ ክፍል ነው። ቤቶቹ ዛሬም አሉ፣ ሰው ይኖርባቸዋል። በ2001 ፋብሪካዎቹና መንደሮቹ አንድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የሚያምር ጎዳና ነው፤ የተሠራው ግን ማሽኑ ሰው እንዳያጣ ነው።

ሽቅብ እንቀጥል። ቻትስወርዝ፣ የሚስተር ዳርሲ ቤት። የዴቮንሸር መስፍኖች ርስት ነው። በአጠገቡ ኤደንሶር የሚባል መንደር ነበረ። ችግሩ መንደሩ ከመስፍኑ መስኮት ይታያል። የዛሬ ሪል እስቴት ሻጭ ‹‹ቪው›› የሚለው ነገር በዚያን ጊዜም ዋጋ ነበረው ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንዙ ዳር የነበረው የመንደሩ ክፍል ለፓርኩ ሲባል ተነሳ። ቀሪውን ስድስተኛው መስፍን ከ1838 እስከ 1842 ባለው ጊዜ አፍርሶ ከቤቱ እይታ ውጭ እንደ አዲስ አሠራው። ሥራውን የመራው የመስፍኑ አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ነው፤ ኋላ በ1851 ለንደን ላይ ያንን ታዋቂ የመስተዋት አዳራሽ የነደፈው። አዲሶቹ ቤቶች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ የስዊስ፣ አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የድሮ እንግሊዝ አሠራር ነው። በአሮጌው ቦታ ላይ ሳይነካ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው። በፍትሕ እንናገር ካልን መስፍኑ ሰዎቹን ሜዳ ላይ አልበተናቸውም፤ ከቀድሞው የተሻለ ቤት ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ተከራይ ነበሩና ‹‹እምቢ›› የሚሉበት ወረቀት በእጃቸው አልነበረም።

ከቻትስወርዝ በስተሰሜን፣ ከወንዙ ምዕራብ ኮረብታ ላይ ደግሞ ኢያም አለች። ይህችን መንደር ማለፍ አልቻልንም፤ በአካባቢው ታሪክ ውስጥ ስለራሷ ራሷ ወሰነች የምትባል መንደር እሷ ናት። በ1665 ከለንደን ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤት የተላከ የጨርቅ እሽግ ወረርሽኝ ይዞ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ የመንደሩ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን፣ ከሳቸው በፊት ከነበሩት ቄስ ከቶማስ ስታንሊ ጋር ሆነው፣ ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ ሕዝቡን አሳመኑ። በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ነው። ቻትስወርዝ ያለው ባለርስት ስንቅ ይልክ ነበር። ሰዎቹም የዕቃ ዋጋ ሳንቲማቸውን ኮምጣጤ በተሞላ የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ አድርገው ወሰኑ ላይ ይተዋሉ። በ1666 ኅዳር ወረርሽኙ ሲያበቃ በተለምዶ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 260 ነው። የቄሱ ባለቤት ካትሪንም ከሟቾቹ አንዷ ናት። ሞምፐሰን የራሳቸውን ልጆች ቀደም ብለው ከመንደሩ አርቀው ልከዋቸው ነበር። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊዎች ‹‹ሕዝቡ ምን ያህል ወዶ ነው፣ ምን ያህልስ ቄሱ አስጨንቀውት ነው?›› እያሉ ይከራከራሉ። እኛም ክርክሩ ተገቢ ይመስለናል። ያም ሆኖ ኢያም ቢያንስ ተጠይቃለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ወደ ሸለቆው ራስ። እዚያ ሁለት መንደሮች ነበሩ። አንዱ በወንዙ ስም ደርወንት ይባላል። ሁለተኛው አሾፕተን ነው፤ የአሾፕ ወንዝ ከደርወንት ጋር በሚገናኝበት፣ ከሼፊልድ ወደ ግሎሶፕ የሚወስደው የ1821 መንገድ የሚያልፍበት። መንገደኛ የሚያርፍበት ሆቴል ነበረው። ደርወንት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1672 የተሠራ የባላባት ቤትና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነበረው። ድልድዩ ጋሪ አያሳልፍም፤ የተሠራው ጭነት ለተጫኑ ፈረሶች ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው በግ አርቢ ነው። ከዚህ አካባቢ የወጣ ፊቱ ነጭ የሆነ ቀንዳም የበግ ዝርያ እስከ ዛሬ በአገሩ ስም ይጠራል።

መሬቱ የማን ነበር? በመካከለኛው ዘመን ከዚያ ሰፊውን የያዘው የዌልቤክ ገዳም ነው። ሄንሪ ስምንተኛ በ1530ዎቹ ገዳማቱን ሲያፈርስ ርስቱ ወደ ባላባቶች ዞረ። ከዚያ ወዲያ የሸለቆው ሰው ባለቤቱ ቢለዋወጥም እሱ ያው ተከራይ ሆኖ ኖረ። ‹‹ጭሰኛ›› ብንለው ለእኛ አገር አንባቢ ይቀላል፤ ልዩነቱ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ መክፈሉ ነው። ይህ ነገር ኋላ ይመጣልና ያዙልን።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነ ክሮምፎርድ የጀመሩት ነገር አገሩን ለወጠው። ሼፊልድ በብረት፣ ኖቲንግሃም በዳንቴል፣ ሌስተር በካልሲና በሹራብ፣ ደርቢ በባቡር አበጡ። ያበጠ ከተማ ይጠማል። መጠማት ብቻም አይደለም፤ በ1832 ሼፊልድ ውስጥ ኮሌራ 402 ሰው ገድሏል። ንጹሕ ውኃ የቅንጦት ጥያቄ አልነበረም። (ግድብም ቢሆን ያለ ጣጣ አይመጣም። በመጋቢት 1864 ከሼፊልድ በላይ አዲስ የተሠራ ግድብ ተደርምሶ ከ240 በላይ ሰው አልቋል።) ስለዚህ አራቱ ከተሞች ዓይናቸውን ወደ አንድ ቦታ አዞሩ። ዝናብ የሚበዛበት፣ ሸለቆው ጠባብና ጥልቅ የሆነበት፣ ሰው የሚያንስበት። በ1899 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ የደርወንት ሸለቆ የውኃ ቦርድም ተቋቋመ። ውኃው በመቶኛ ተከፋፈለ፤ ለሼፊልድና ለደርቢ ሩብ ሩብ፣ ለሌስተር ከሦስተኛው እጅ በላይ፣ የቀረው ለኖቲንግሃም። ለአሾፕተንና ለደርወንት ስንት እንደደረሳቸው እናንተው ገምቱ።

መጀመሪያ የተሠሩት ከመንደሮቹ በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች ናቸው። ሃውደን ከ1901 እስከ 1912፣ ደርወንት ከ1902 እስከ 1916። ለሁለቱ ከ1.2 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ግሪንድልፎርድ አጠገብ ካለ ካባ በባቡር ተጋዘ። ለሠራተኛው ደግሞ በርቺንሊ የሚባል መንደር ተሠራ። ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ስለነበረ ሰው ሁሉ ‹‹ቆርቆሮ ከተማ›› ነበር የሚለው። ወደ 900 ሰው ይኖርበት ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሱቆች፣ መዝናኛ አዳራሽና መጠጥ ቤት ነበረው። ለቀን ሠራተኛ በዚያ ዘመን ይህን ያህል ማሰብ ብርቅ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው እንላለን። ሥራው ሲያልቅ ቤቶቹ እየተነቀሉ ተሸጡ። ልጆች የተወለዱበት መንደር ዛሬ ጫካ ውስጥ ያለ መሠረት ነው።

የከተሞቹ ጥም ግን አልረካም። ሦስተኛው ግድብ ሌዲባወር ከሁለቱ መንደሮች በታች እንዲሠራ ተወሰነ፤ ሥራው በ1935 ተጀመረ። ይህ የአፈር ግድብ ነው። ከኋላው የሚጠራቀመው ውኃ ወደ 28 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ትርፍ ውኃ የሚወርድባቸው ሁለት ግዙፍ ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ስፋታቸው 24 ሜትር ያህል ነው። ፎቶግራፋቸውን ኢንተርኔት ላይ ብታዩ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ዓለምን ሲውጥ ይመስላችኋል።

እዚህ ላይ ያ የተከራይነት ነገር ይመጣል። መሬት ለግድብ ሲወሰድ ዋጋው የሚከፈለው ለባለመሬቱ ነው። በግ አርቢው የሸጠው ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚደራደርበትም ነገር የለውም። አባቱ የካበውን ካብ፣ እሱ ያለሰለሰውን ማሳ ማን ይተምንለታል? ቦርዱ ከግድቡ በታች ዮርክሸር ብሪጅ በሚባል ቦታ አዲስ ቤቶች ሠራላቸው። ጠንካራ የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ አሁንም ቆመዋል። እንደገና ተከራይ ሆነው ገቡ፤ ይህን ጊዜ የመስፍን ሳይሆን የውኃ ቦርድ።

የሙታኑም ነገር አለ። የደርወንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተቀበሩት ዐጽማቸው ፈልሶ ባምፎርድ ተቀበረ። በሕይወት ያለው በእግሩ ይሄዳል፤ ሙታንን ተሸክሞ መሄድ ግን የአንድ መንደር ታሪክ ማለቁን ነው የሚናገረው። የመጨረሻው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተደረገው መጋቢት 17 ቀን 1943 ነው።

ቀኑን ልብ በሉት። ዓለም ጦርነት ላይ ነበረች። በዚያው ወር የእንግሊዝ አየር ኃይል 617ኛ ስኳድሮን ተቋቋመ። አብራሪዎቹ ከሰጠመው መንደር ከፍ ብሎ ባለው በደርወንት ግድብ ላይ ዝቅ ብሎ መብረርን ይለማመዱ ጀመር፤ ሁለቱ የግድቡ ማማዎች የጀርመኑን የሞህነ ግድብ ስለሚመስሉላቸው ነው። በግንቦት 16 ሌሊት ሄደው ሞህነንና ኤደርን በቦምብ ሰበሩ። ጎርፉ ከ1,300 በላይ ሰው ጨረሰ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ተግዘው በካምፕ የታጎሩ ሴቶች ነበሩ። በ1955 ፊልም ሲሠራበትም ካሜራው የተተከለው እዚሁ ደርወንት ላይ ነው። በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ወቅት፣ ከታች በኩል ውኃ መንደር እየሸፈነ፣ ከላይ ውኃ መንደር ላይ የሚለቁበት ልምምድ ይካሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው ‹‹አበዛኸው›› ይባል ነበር።

ሌዲባወር ለመሙላት ሁለት ዓመት ፈጀ። መስከረም 25 ቀን 1945 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ መርቀው ከፈቱት። የባላባቱ ቤትም ሌሎቹም ቤቶች ቀድመው ፈርሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ማማ ብቻ እንደ መታሰቢያ ተትቶ ከሐይቁ ላይ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሰው ወደ እሱ እየዋኘ መሄድ ሲያበዛ ለአደጋ ያሰጋል ተባለና ታኅሣሥ 15 ቀን 1947 በፈንጂ ተመታ። አካባቢውን የሚጎበኝ ሰው አሁንም ‹‹ውኃው ሲቀንስ ማማው ይታያል፣ ደወሉም ከታች ይሰማል›› ሲባል ይሰማል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ግን ማማው የለም፣ ደወሉም ደርቢ ከተማ ውስጥ ቻደስደን በሚባል ሰፈር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተሰቅሏል። ከውኃው ሩቡ ለደርቢ ነበር ብለናል፤ ደወሉን ጨምራ ወሰደች።

የፈረሶቹ ድልድይ ዕድለኛ ነው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ቁጥር እየተሰጣቸው ተነቀሉና ከሃውደን ሐይቅ በላይ፣ ስሊፐሪ ስቶንስ በሚባል ቦታ በ1959 እንደገና ተተከሉ። ለድልድይ የተደረገው ጥንቃቄ አስገራሚ ነው። ጥንታዊ ነዋ! ሰው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ጥንታዊ የሚባለው?

ስለ ሸለቆው ስንጽፍ አንድ ነገር መዝለል አልፈለግንም። ግድቡ ከመጀመሩ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1932፣ በጎረቤቱ የኪንደር ተራራ ላይ ወደ 400 የሚጠጉ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተርና የሼፊልድ ሠራተኞች፣ ሕግ ጥሰው በእግር ወጡ። ጥፋታቸው መራመድ ነው። ከፍተኛው አገር ለባላባቶች ወፍ ማደኛ የተከለለ ነበርና ጠባቂ ዱላ ይዞ ይጠብቀው ነበር። አምስቱ ታሰሩ። እነዚህ ልጆች የእኛ ዕድሜ ነበሩ፤ ሳምንቱን ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ውለው እሑድ አየር ፈለጉ። ጥያቄያቸው እየሰፋ ሄደ፤ በ1949 ሕግ ወጣ፣ በ1951 ይህ አገር የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ከተሜው ሸለቆውን ለመጠጣት መብት ያገኘው በ1899 ነው፤ በላዩ ለመሄድ ግን ሌላ ሃምሳ ዓመት ጠበቀ።

ዛሬ ቅዳሜና እሑድ በሐይቁ ዙሪያ ብስክሌት የሚነዳውና ውሻ የሚያንሸራሽረው ብዙ ነው። በደርወንት ግድብ ጫፍ ላይ ለአንዲት ውሻ የተሠራ ሐውልት አለ። ጆሴፍ ታግ የተባሉ የ80ዎቹ ዕድሜ አዛውንት እረኛ በታኅሣሥ 1953 ከውሻቸው ከቲፕ ጋር ወደ ከፍታው ወጥተው ሞቱ። አስከሬናቸው በቀጣዩ መጋቢት ሲገኝ ውሻዋ በሕይወት አጠገባቸው ነበረች፤ 15 ሳምንት በረዶ ላይ። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሐውልት አቆመላት። ለሁለቱ መንደሮች ይህን የሚያህል ሐውልት አላገኘንም።

በ1976፣ በ1995፣ በ2018፣ በ2022 ድርቅ ሲመታና ሐይቁ ሲሸሽ ደርወንት ብቅ ብሏል። አሾፕተን አይታይም፤ ደለል ውጦታል። የደርወንት ግን የባላባቱ ቤት ፍርስራሽ፣ የግድግዳ መሠረት፣ የተሰነጠቀ ጭቃ ውስጥ የቆመ ድንጋይ ይወጣል። በ2018 ይህን ለማየት የመጣው ሰው ብዛት መንገዱን አጨናነቀው። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ሰው በነፍስ አድን ሠራተኞች ተጎትቶ ወጣ፤ ድንጋዩ ላይ ስማቸውን የጻፉም አልጠፉም። የፓርኩ ጠባቂዎች ‹‹እባካችሁ ቦታው የሰው ቤት ነበር›› ማለት ነበረባቸው። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ውኃው በማድቤቱ መሠረት በኩል ገብቶ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ የግቢውን በር ድንጋዮች ሸፈነ፤ በሼፊልድም ቧንቧዎቹ እንደወትሮው ይንፎለፎሉ ነበር።